የእገሊት ቦታ

ለኮምፒውተር ምስጋና ማቅረብ የጤነኛ ሰው ሥራ አይመስልም፤ እኔ ግን አቀርባለሁ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ማጠፊያው ላልቷል፤ ባትሪውም ደባርቅ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ዘፈን እንኳ ሳያስጨርሰኝ ዓይኑን ይጨፍናል። እናቴን ከሞት ያተረፏት ጎንደር ያሉ ሐኪሞች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ከጓዳ ያወጣት ግን ይኸው ማጠፊያው የላላ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ድርሻውን አልነፍገውም።

ደባርቅ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ። ይህን ስናገር ሰው ዋናው ትምህርትሽስ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ለምጄዋለሁ። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ መሣሪያ አንድ ከበሮና ግማሽ ቁልፎቹ የማይሠሩ ኪቦርድ ስለሆነ ሀብቴ የልጆቹ ጉሮሮ ነው። ከትልልቆቹ ሴት ተማሪዎች መርጬ የመዝሙር ቡድን አቋቋምኩና ኖታ ማንበብ አስተማርኳቸው። ኖታውን የምጽፍላቸው ኮሌጅ ሳለሁ ጓደኛዬ በፍላሽ በሰጠችኝ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም ኖታ መደርደር ቀላል ነው። ሰው የሚያለቅሰው ግጥሙን ከኖታው ሥር ማስቀመጥ ሲጀምር ነው።

እናቴ ዳባት አካባቢ በሠርግ አውጪነት የታወቀች ነበረች። አውጪ ማለት ዘፈኑን የምትመራው፣ ግጥሙን የምታወርደው ሴት ናት፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ከዳባት እስከ ኮሶዬ ባለው አገር ልጁን የሚድር ሰው ከብቱን ከመምረጡ በፊት እናቴ ቀኑ ይመቻት እንደሆነ ያስጠይቅ ነበር። ግጥሙን ሁሉም ሴት ያውቀዋል፤ ዜማውንም እንዲሁ። የሙሽሪትን ስም ግን ከአውጪዋ በቀር ማንም ቀድሞ አያነሳም። እሷ ሙሽሪትን እያየች ስሙን ትጠራለች፤ ተቀባዮቹ ከአፏ ነጥቀው ይደግሙታል፤ ዘፈኑም ይቀጥላል። ልጅ ሆኜ ከዳሱ ጥግ ቆሜ የማዳምጠው ያቺን ቦታ ነበር። እናቴ የሰው ልጅ ስም ስትጠራ የተጠራችው ልጅ በዚያች ቅጽበት ከወንበሯ ከፍ ያለች ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እንቅርቷ እያደገ መጥቶ መተንፈስ ከለከላት። ጎንደር ወስደን አስወጣንላት። ሐኪሙ ድምጿ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሞ በግልጽ ነግሮን ነበር፤ እሷም ሰምታ፣ ልጆቼን ለማየት ዓይኔ ይበቃኛል ብላ ፈርማለች። ነፍሷ ተረፈች፤ ድምጿ ግን ሻካራና ስንጥቅ ሆኖ ቀረ። አጠገቧ ቁጭ ያለ ሰው ይሰማታል፤ ከበሩ ማዶ ያለ አይሰማትም። ደባርቅ እኔ ጋር አመጣኋት። ሠርግ ስትጠራ እምቢ አትልም፤ ትሄድና በቀጥታ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትልጣለች። ዘፈን ሲጀመር ውሃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች። አንድ ቀን በጀርባዋ ተከትዬ ሄጄ አየሁ፤ እንስራው ሙሉ ነበር። ሳታየኝ ተመለስኩ።

እንዲህ እያለን ነው የሁላችንም ታናሽ የሆነችው እህቴ ልታገባ የሆነው። ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ እጮኛዋ የጎንደር ልጅ ነው። ሠርጉ በጥር፣ ዳባት በሚገኘው ቤታችን እንዲሆን ተቆረጠ። አንድ ቅዳሜ ደባርቅ መጥታ እናታችን ገበያ እስክትወጣ ጠበቀችና የልቧን ነገረችኝ። ድምፅ ማጉያውም፣ ዲጄውም፣ የሙሽራው ወገን የሚያመጣው ኦርጋኒስትም ይሁን፤ ግድ የለኝም አለች። «ከቤት ስወጣ ግን በእማዬ ዘፈን ልውጣ። ታላላቆቻችን ሁሉ በእሷ ድምፅ ነው የወጡት። እኔ በስፒከር ልሸኝ?» እናታችን ደግሞ ቀድማ ነግራናለች፤ በሠርጉ ቀን ሥራዋ ወጥ ቤት ነው፤ ዳስ ውስጥ አትፈልጉኝ ብላለች። ስትናገር ቁርጥ አድርጋ ነው፤ እኔም ያንን ቁርጥ ነገር ከማንም የተሻለ አውቀዋለሁ፤ ከእሷ ወርሼዋለሁና።

ዘፈኑን በኖታ ልጻፈውና ተማሪዎቼ ይዝፈኑት ያልኩት ያን ቀን ነው። ለእናቴ ስነግራት ፊቷን አጨፈገገች። የሠርግ ዘፈን በወረቀት ማለት ወጥ በፎቶ እንደመብላት ሆነባት። ቢሆንም ጉዳዩ የመጨረሻ ልጇ ነውና ቃሉን እሰጥሻለሁ፣ ዜማውን እንደሆነ ታውቂዋለሽ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር ጠረጴዛውን እየሳብን መቀመጥ ጀመርን።

መቼም ያንን ፕሮግራም የሠራው ሰው አማርኛ አልሰማም፤ አልፈርድበትም። አንድ ፊደል ከአንድ ኖታ ሥር ትጽፋለህ፤ ረጅሙን የስፔስ ቁልፍ ስትጫን ወደሚቀጥለው ኖታ ይዘላል። እኛ ደግሞ አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ እንነካለን። ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ሳይጠብቅ ይሮጣል። «ደጁ» ብዬ ስጽፍ ደ አንድ ቦታ፣ የጁ ግማሽ ሌላ ቦታ፣ ቀሪው ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። ደሜ እየፈላ ግጥሙን ሌላ ቦታ ጽፌ እየቆረጥኩ አንድ በአንድ መለጠፍ ጀመርኩ። ፊደሎቻችን ወፍራም ናቸው፤ ኖታዎቹን እየገፉ ገጹን እንደ ገበያ ቀን መኪና አጨናነቁት። እናቴ ከጎኔ ሆና ይህን ሁሉ ስታይ፣ እሷ በአንድ እስትንፋስ የምታወርደውን ነገር እኔ ቀን ሙሉ ስገፋው መዋሌን ታዝባ በሹክሹክታዋ ታሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቀን ቃሉን ለምን ከሥር እንደጣልኩት ጠየቀችኝ። ወንድሟ መሪጌታ ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የዜማ መጽሐፍ ቃሉን በትልቁ ይጽፍና ምልክቱን ከላይ በቀጭኑ ይሠራል። «ቃሉ ነው ጌታው። ይኸ ጭራ ጭራው ምኑ ነው እንዲህ የገነነ?» አለችኝ። ኖታውን ማቅጠን አልችልም፤ ቃሉን ከኖታው በላይ ማውጣት ግን ይቻላል። የፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳስተካክለው የግጥሙ መስመር በሙሉ ከመስመሮቹ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። እናቴ ወንበሯን ወደ ላፕቶፑ ማያ አስጠጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑን እንደ ዘመድ ማየት ጀመረች።

ግጥሙን ስትሰጠኝ አታነበንብም። እጇን ታጨበጭባለች፤ በየጭብጨባው መሐል ቃሉን በሹክሹክታ ታስገባለች። ቃሉ የሚሳብበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቀኝ እጇን አየር ላይ አንሥታ ትይዘዋለች። እጇ እስኪወርድ ድረስ እኔ ከፊደሉ ቀጥሎ መስመር እስባለሁ። ፕሮግራሙ ለዚህ የሚሆን ምልክት አለው፤ ድምፁ ያልተቋረጠ መሆኑን የሚያሳይ አግድም መስመር ነው። ቸኩዬ ካቆምኩ «ገና ነው» ትለኛለች፤ እጇ አየር ላይ እንዳለ። ልጅ ሳለሁ በዚያ ረጅም ስበት ላይ ምን ያህል ትንፋሽ እንደምታወጣ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን መስመሩን እየሳብኩ ገባኝ፤ ገጹ ላይ ከአንድ ዳር ተነሥቶ ወደ ሌላው ይደርሳል። እናቱ የምታወርደውን ዘፈን እንዲህ ፊደል በፊደል የመንካት ዕድል ስንቱ ልጅ ያገኛል? እኔ አገኘሁ። ተመስገን እላለሁ።

ስሙ ዘንድ ስንደርስ ነው ያልተግባባነው። ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

ደጁ ተጠረገ፣ ሣሩ ተነጠፈ፣
እገሊት ስትወጣ ቀኑ እንዴት አለፈ።

እገሊት ባለችው ቦታ የእህቴን ስም ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። ስም አይጻፍም፤ ስም የሚጠራው ልጅቱን ዓይን ዓይኗን እያዩ ነው አለችኝ። ልጅቱ የራሷ ልጅ መሆኗን፣ ስሟም እንደማይቀየር ብነግራት ከአቋሟ ንቅንቅ አላለችም። እኔም እሺ ብዬ በየዙሩ «እገሊት» ብዬ ጻፍኩ።

ፕሮግራሙ የጻፍከውን ያጫውትልሃል፤ ዋሽንት የሚመስል ድምፅ ሰጠሁት። እናቴ ረጅሙን ቁልፍ ስትጫን ዘፈኑ እንደሚጀምር፣ ደግማ ስትጫነው እንደሚቆም አሳየኋት። ወዲያው ለቀም አድርጋ ተማረችው። ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ ላፕቶፑ ተከፍቶ፣ ዘፈኑ ሁልጊዜ እዚያችው ሁለተኛ ስንኝ መጀመሪያ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ሰልችቷት ያቆመችው መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ተማሪዎቼ በጎን ይለማመዱ ነበር። እኔ መምህር ስሆን ክፉ ነኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንጂ ሌላ አልፈልግም። ጨምረሽ አትዝፈኚ፣ ቀንሰሽ አትዝፈኚ፣ ቃል ከሌለ ድምፅ የለም እያልኩ ነው ያሠለጠንኳቸው። ሲደርሱልኝ አንድ ቅዳሜ ለእናቴ እንዲያሰሟት ቤት አመጣኋቸው። ተሰለፉ፣ አጨበጨቡ፣ ጀመሩ። ደጁን ጠረጉት፣ ሣሩን አነጠፉት። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ጥርት አድርገው፣ በሙሉ አክብሮት «እገሊት!» አሉ።

እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቀች። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል። ልጆቹ ደንግጠው አቆሙ። «ልጄን ስም የለሽ አድርገው ሊድሩልኝ ነው» አለች፤ ትንፋሿ እስኪያጥር። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ስትስቅ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት እሷም ሥራ ቦታዋ ላይ በሳቅ ፈረሰች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትደውልልኝ «እገሊት ነኝ» ማለት ጀመረች።

ልጆቹ እንደሄዱ ነገሩን ላስተካክል ተቀመጥኩ። በየዙሩ ያለውን «እገሊት» አጠፋሁ። ኖታዎቹ ቀሩ፤ በላያቸው ግን ምንም የለም። የእህቴን ስም ልጽፍ ጣቴን ሳነሣ እናቴ ጣቷን ማያው ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አኖረች።

«ተይው» አለችኝ።

«ባዶ ይሁን?»

«ባዶ ይሁን።»

ያው የስም አይጻፍም ነገር ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት። ለልጆቹም እዚህ ላይ ስትደርሱ የሙሽሪትን ስም በቃላችሁ ጥሩ ብዬ ደጋግሜ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

የሠርጉ ቀን የዳባት ነፋስ የዳሱን ሸራ ሲያርገበግበው ዋለ። ስፒከሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ነበር። እናቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች፤ እንዳለችውም ከዚያ አልወጣችም። በመሐል አንድ ሁለት ጊዜ ብለምናት ወጡ ያርራል አለችኝ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደርሶ፣ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ የመውጫው ሰዓት ሲመጣ ስፒከሩን አስጠፋሁ። እህቴ ከቤቱ ደፍ ላይ ቆማለች። ልጆቼ ወረቀታቸውን ይዘው ፊት ለፊቷ ተሰለፉ። ድሮ እናቴን የሚቀበሉ ሴቶች፣ አሁን ሁሉም አርጅተዋል፣ ከዳሱ ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ምን ሊሆን ነው ብለው ያያሉ።

ጭብጨባው ተነሣ። ልጆቹ የመጀመሪያውን ስንኝ አሳምረው አወረዱት። ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ደረሱ። ወረቀቱ ላይ ቃል የለም። ሁሉም በአንድነት ዝም አሉ።

እንዳሠለጠንኳቸው ማለት ነው። ቃል ከሌለ ድምፅ የለም። እጃቸው ያጨበጭባል፤ አፋቸው ተዘግቷል፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ስሟን ልጥራላቸው አፌን ከፈትኩ፤ የገዛ እህቴ ስም ከጭንቅላቴ ጠፋ። እህቴ ደፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። ዳሱ በሙሉ ጸጥ ብሏል፤ ጭብጨባው ብቻ አለ።

ያኔ ከወጥ ቤቱ በር በኩል ስሟ ተጠራ።

ድምፁ ስንጥቅ ነው፤ ሻካራ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ማንም አይሰማውም ነበር። አሁን ግን ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። በዜማው ነው የጠራቻት፤ የሚሳበውን ሳበችው፤ ቀኝ እጇ አየር ላይ ነበር፤ ጭልፋ ይዟል። እጇ ሲወርድ ከኋላ አግዳሚ ላይ ያሉት አሮጊቶች፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ከአፏ ነጥቀው ስሙን ደገሙት። ልጆቼም እንደነቃ ሰው ደንገጥ ብለው «ስትወጣ ቀኑ እንዴት አለፈ» ብለው ቀጠሉ። እልልታው ሸራውን ሊቀደው ደረሰ።

በሁለተኛው ዙር ባዶው ቦታ ሲመጣ ልጆቹ አልደነገጡም፤ ጠበቋት። እናቴ ዳሱ መሐል ደርሳ ነበር። በመጨረሻው ዙር እህቴ ፊት ቆማ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች ጠራቻት። ጭልፋውን ማን እንደተቀበላት አላየሁም። እኔ ማየት አቅቶኝ ነበር።

በማግስቱ ዳሱ ሲፈርስ እያየን ጠየቅኳት። ባዶ ይሁን ያልሽኝ ለዚህ ነበር? የተበተነውን ሣር በእግሯ ስትሰበስብ ቆየችና «ሙሉውን አልችለውም። ስሟን ግን እችል እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ቁልፉን እየተጫነች ስትለማመድ ከርማ ነበር። እዚያች ቦታ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ለእኔ ያልነገረችኝ ላይሳካላት ይችላል ብላ ፈርታ ነው፤ በሠርጉም ቀን ያ ዝምታ እስኪመጣ ድረስ አልወሰነችም ነበር። ልጆቹ ታዝዘውኝ ስሙን በቃላቸው ጠርተው ቢሆን ኖሮ ወጥ ቤት እንደቆመች ትቀር ነበር። ክፉ መምህር በመሆኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰኞ ዕለት ልጆቹን ሳገኛቸው ተቆጥቼ የምጠብቃቸው መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ፤ አንድ በአንድ ሳምኳቸው።

እህቴ ጎንደር ገብታለች። እኔና እናቴ ደባርቅ ተመለስን። አሁን ሠርግ ስትጠራ ጓዳ ገብታ አትቀርም፤ ተቀባዮቹ መሐል ትቀመጥና ሌላዋ አውጪ ስታወርድ ስሙ ዘንድ ሲደረስ ዝም ይሉላታል። አገሩ ራሱ ቦታዋን ለየላት።

በተመለስን ሰሞን አንድ ከሰዓት ላፕቶፑን ከፍቼ ፋይሉን አወጣሁ። ሠርጉ አልፏል፤ አሁንስ ስሟን ለማስታወሻ ልጻፈው ብዬ ነበር። እናቴ ወንበሯን ስባ አጠገቤ መጣች። ከመጻፌ በፊት ረጅሙን ቁልፍ ተጫነችው። ዋሽንቱ ጀመረ፤ ደጁ ተጠረገ፣ ሣሩ ተነጠፈ። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ እጇን አንሥታ፣ መስኮቱን እያየች፣ የእህቴን ስም ጠራች። ዋሽንቱ ብቻውን ቀጠለ፤ ቤት ውስጥ የሚቀበላት ሰው የለም። እሷም ነገሩ የገባት መሰለኝ፤ እጇ አየር ላይ ቀረ።

እኔ በሕይወቴ አውጪም ተቀባይም ሆኜ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከዳሱ ጥግ ቆሜ የማዳምጥ ነኝ። ያን ቀን ግን ስሙን ከአፏ ነጥቄ ተቀበልኳት። እጇን አወረደችና ቁልፉን እንደገና ተጫነች።